ከግድግዳው ማዶ የተሰማ ምት

ወንጌላዊት ራሷ የፈጠረችውን የታምቡር ምት ከግድግዳው ማዶ ሰማችው። ቅዳሜ ነው፤ ገና ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ስምንት ወር ሙሉ ስትዘጋጅበት የከረመችው ፈተና ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣ በጭቃና በጭድ በተለሰነው ስስ ግድግዳ በኩል፣ አባቷ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን ሲመቱ፣ ከእሳቸው ቀጥሎም ሌላ ሰው ያንኑ ሲደግም ሰማች። መጀመሪያ ህልም መሰላት። ጧትና ማታ ስትመታው የኖረች ስለሆነ ምቱ በእንቅልፏም ይመጣባት ነበር። ህልም ቢሆን ግን አባቷ መሃል ላይ ቆም ብለው፣ ተማሪ ሲያርሙ በሚያወጡት በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ «እዚህ ላይ ትንፋሽ ስጠው» አይሉም ነበር። ስለዚያች ትንፋሽ፣ ምቱ መሃል ስለምትገባው አጭር ፋታ፣ የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷና አባቷ። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ምቱን ወስዳ ስታሰማቸው የጨመሩላት እሳቸው ናቸው። አንሶላዋን እስከ አገጯ ስባ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ አንድም ነገር አልቀነሱበትም።

ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው አንዱዓለም ነው። የአባቷ የታላቅ ወንድም የአያ አድማሴ ልጅ ነው፤ ከዛሪማ አንድ ሻንጣና አንድ ጀሪካን ማር ይዞ ከመጣ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው። የመጣውም ለዚሁ ፈተና ነው። «ጎሕ» የተባለው አዲሱ የጎንደር ማርሽ ባንድ ባሕር ዳር ላይ ከሌሎች ከተሞች ባንዶች ጋር ሊወዳደር ሃያ አራት ሰው ሲመርጥ ከርሞ፣ የመለከትና የትሮምቦን ነፊዎቹ ሞልተው፣ ለታምቡር የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው። ተፈታኙ የራሱን ምት ይዞ ይመጣል፤ መጀመሪያ ቆሞ ይመታዋል፤ ቀጥሎ ታምቡሩን አንግቶ አርባ እርምጃ ሄዶ አርባ እርምጃ ይመለሳል። ወንጌላዊት ይህን ማስታወቂያ በምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ በራሷ እጅ ሃምሳ ኮፒ አድርጋዋለች። ሃምሳ አንደኛውን እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እንግዲህ የመሪጌታ ልጅ መሆን እንዲህ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከበሮ እየተመታ ያድጋሉ፣ ከበሮው ግን የእርስዎ አይደለም። አባቷ የአቋቋም መምህር ናቸው። ከማክሰኝት፣ ከእንፍራንዝ፣ ከየአጥቢያው የመጡ ተማሪዎች ግቢያቸው ውስጥ መቋሚያቸውን ይዘው ተሰልፈው፣ ጸናጽል እያሰሙ፣ ከበሮ እየመቱ ዝማሬውን ቆመው ሲያጠኑ፣ እሷ ልብስ እያሰጣች፣ ድስት እያጠበች፣ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ሁሉንም በጆሮዋ ለቀመችው። ወንድ ልጅ ብትሆን ኖሮ ዛሬ የዝማሬ መሪ በሆነች ነበር። መሪጌታ ለሰው ልጅ ሁሉ ማር ናቸው፤ የሰው ልጅ ሲሳሳት አምስት ጊዜ ደግመው፣ አቅፈው፣ ቆሎ አስይዘው ያርሙታል። ለእሷ ግን እስከዛሬ አሥራ አንድ ቀን ድረስ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አንዲት ምት እንኳ እንዲህ አድርጊው ብለዋት አያውቁም ነበር። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት እሳቸው ናቸው። የምትመታባቸውን ሁለት ዘንጎች እንኳ የጠረበችው ከአባቷ ከተሰበረ መቋሚያ ነው፤ እሱንም እናቷ የትነበርሽ ከበር ኋላ አንስታ በቀሚሷ ሸሽጋ ነው የሰጠቻት። ታምቡር ስለሌላት በርጩማ ላይ የመኪና ጎማ ቁራጭ ቸንክራ፣ ጎማውን ስትደበድብ ስምንት ወር ሞላት። አንዱዓለም ከመጣ ወዲህ ግን ምቱን እንዳይሰማባት የምትለማመደው ሱቁ ጓሮ ሆና ነው።

ምቱንም ያገኘችው መንገድ ላይ ነው። ከቤታቸው ወደ አራዳ ሲወረድ ቁልቁለቱ ላይ እግር ይፈጥናል፤ ውኃ መውረጃው ጋ ሲደረስ ሰፋ ያለ እርምጃ ይፈልጋል፤ ከዚያ ደንጊያ ንጣፉ ይቀበላል። ይህን ሁሉ በእግሯ ሠርታ በእጇ ጨረሰችው። ሲያልቅ ደግሞ ያደገችበት ወግ አላስቀምጥ አላት። ቅኔ ቤት አንድ ተማሪ አዲስ ቅኔ ሲያዘጋጅ ለሰው ሁሉ ከማሰማቱ በፊት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርምለታል፤ የታረመው ግን የተማሪው ነው፤ የሰው ቅኔ ወስዶ የራሴ ነው ያለ ሰው ዳግመኛ በሊቃውንት ፊት ቀና አይልም። አባቷ ራሳቸው፣ ማክሰኝት ላይ የጓደኛውን ቅኔ ሰርቆ ስላቀረበ አንድ ሰው እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ ይናገሩ ነበር፤ ሰውየው እስኪሞት ድረስ ስሙ ቀርቶ «ጓዴ» ሲባል ኖሯል። ስለዚህ የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ተማሪዎቹ ሲሄዱ ጠብቃ፣ ጎማዋን ተሸክማ ፊታቸው ተቀመጠች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉ። ስትደግመው እጃቸውን አነሱና «እዚህ ላይ ትንፋሽ ስጪው፤ ሰሚው ይናፍቅ» አሏት። ያን ለት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ደስታ ነው እንቅልፍ የነሳት። በማግስቱ ረቡዕ አንዱዓለም ሻንጣውን ይዞ መጣ። አሁን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ቀኖቹን ቆጠረቻቸው። ያን ማክሰኞ አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳመጡት ለማን ነበር?

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ ሻይ ጥዳ ዳቦ እየቆረጠች ነው። ከግድግዳው ማዶ ምቱ አሁንም በቀስታ ይሰማል፤ ጓዳ ውስጥማ ይበልጥ ይሰማል።

«እማዬ፣ ትሰሚያለሽ?»

«ምኑን?» አለች የትነበርሽ፣ ቢላዋው ግን ዳቦው ላይ ቆመ።

«የኔን ምት ነው እኮ የሚያስጠኑት።»

እናቷ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አያ አድማሴ ሦስት ጊዜ ደወሉ። ልጄን አደራ ብለው። አባትሽ በልጅነታቸው በተስቦ ሲያዙ ሊማሊሞን በጀርባቸው አዝለው ያወጧቸው እሳቸው ናቸው። ምን ይበሏቸው? አንቺ ሌላ ታበጂያለሽ፤ ካንቺ ምን ይጠፋል? እሱ ግን ባዶ እጁን ነው የመጣ።»

«ባዶ እጁን ከመጣ ባዶ እጁን ይፈተና!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኝ እንጂ። እኔስ ሰማኋቸው አይዶል?»

የትነበርሽ ዳቦውን መቁረጥ ቀጠለች፤ ከሚበቃው በላይ ቆረጠችው። ወንጌላዊት ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባት። እናቷም ታውቅ ነበር። እሷ ሱቅ ስትውል፣ ከሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቶ ሲጠና፣ እናቷ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ሆና ስትሰማ ነበር። ማታ ደግሞ ከሱቅ ስትመለስ «ደከመሽ? እግርሽን ታጠቢ» እያለች ውኃ ታሞቅላት ነበር። የአባቷ ነገር አናደዳት፤ የእናቷ ግን አስለቀሳት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የሻይ ብርጭቆዎቹን ይዛ ወጣች።

ቁርሱ ላይ መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እንደ ወትሮው ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከዳቦው ሳህን አላነሱም። አንዱዓለም የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ እንደ እንግዳ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። ፍርፋሪ ሊለቅም ለገባው የጎረቤት ዶሮ እንኳ «እሽ» የሚል ሰው ጠፋ። ወንጌላዊት አባቷን ፊት ለፊት አየቻቸው። አንድ ጊዜ ቀና ቢሉ ትናገር ነበር፤ ምን እንደምትል አታውቅም እንጂ ትናገር ነበር። ቀና አላሉም። በዚያ ቤት ለአባት መልስ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ጥያቄም እንዲሁ። ሲነሱ መሪጌታ እጃቸውን በሁለቱም ራስ ላይ ዘርግተው «እግዚአብሔር ይከተላችሁ» አሉ። «ይከተላችሁ» ያሏት ቃል እንደ ድንጋይ ከበደቻት። ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው እየላኩ፣ መሣሪያውን ለአንዱ ሰጥተው ምርቃቱን ለሁለት ማካፈል ምን የሚሉት ቸርነት ነው?

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቤንዚን ጠፋ ተብሎ ዋጋው በሳምንት ውስጥ እጥፍ ስለሆነ ሾፌሩና አንዲት ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር። አንዱዓለም ጭቅጭቁን አልሰማም። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ እየተንቀሳቀሱ ነው፤ ፊቱ ላይ ትልቅ ነገር በእጁ የገባ ሰው ደስታ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። አሥሩን ቀን ሙሉ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ፣ ለእናቷም «እትዬ፣ እኔ ልያዘው» ሲል ነው የሰነበተው። ፒያሳን ሲያልፉ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ፣

«አያ መሪጌታ ምን አደረጉልኝ መሰለሽ» አለ። «የራሳቸውን ምት ሰጡኝ። ከአባታቸው የወረሱት ነው አሉኝ። ለተማሪ እንኳ አሳይቼው አላውቅም አሉ። ሸጋ ምት ነው፤ ስትሰሚው ታያለሽ። ላንቺም አሳይተውሽ አያውቁም?»

ወንጌላዊት ወደ ውጭ አየች። ስርቆቱ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። እሷ ከአራዳ ቁልቁለት፣ ከውኃ መውረጃው፣ ከደንጊያ ንጣፉ ያመጣችው ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ የሟች አያቷ ውርስ ሆኖ ተገኘ። «ጓዴ» ተብሎ የሞተው ሰውዬ እንኳ እንዲህ አልደፈረም።

«ለኔ ምንም አሳይተውኝ አያውቁም» አለች። ይህ እውነት ነው።

ልትነግረው ትችል ነበር። ከቤት እስከ ሜዳው ሩብ ሰዓት መንገድ አለ፤ ለእንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ ሩብ ሰዓት ይተርፋል። ነገር ግን ልጁ ምን ያደርግ ነበር? ሌላ ምት የለውም። «ያንቺ ከሆነ ተይው» ብሎ ቢመለስ ዛሪማ ድረስ የሚሰማ ጠብ ይሆናል፤ አልመለስም ቢል ደግሞ እዚያው ባጃጅ ውስጥ ትጠላዋለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ዝም ያለችው ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሌላ የምታውቀው ነገር ነበር።

የምታውቀው ነገር ይህ ነው። ባለፈው ረቡዕ፣ ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት ጎማዋን በገመድ አንገቷ ላይ አንግታ፣ ከአጥሩ እስከ ውኃ ቧንቧው እየተራመደች ምቱን ሞክራው ነበር። በማርሽ ትልቁ ምት በግራ እግር ላይ መውደቅ አለበት፤ ይህን የማያውቅ ታምቡር ነክቶ አያውቅም። አባቷ የጨመሩላት ትንፋሽ ቆመው ሲሰሟት ልብ ትሰቅላለች፤ ሲራመዱባት ግን አንዲት እርምጃ ትበላለች። ከሷ ወዲያ ትልቁ ምት በቀኝ እግር ላይ ይወድቃል፤ እጅና እግር ይጣላሉ። አራት ጊዜ ሞክራ አራቴም ተደናቀፈች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ዝማሬ ያስተማሩት በቦታው ቆሞ ለሚወዛወዝ ሰው ነው፤ ከበሮ አንግቶ ለሚጓዝ ሰው አስተምረው አያውቁም። ወንጌላዊት ትንፋሿን አወጣቻት፤ ምቱ እንደ በፊቱ ሄደ። የመምህርን እርማት ማረም ነውር ነው ብላ ግን ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ከአክብሮት ነበር የደበቀችው። አሁን ያቺ አክብሮት እጇ ውስጥ ቢላዋ ሆና ተገኘች።

ሜዳው የወጣቶች መረብ ኳስ ሜዳ ነው። ለታምቡር አሥራ አራት ተፈታኞች መጥተዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ፈታኙ ሻምበል ወንዴ፣ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ያረጁ ቀጭን ሰው፣ ፊሽካ በአንገታቸው፣ ዝርዝር በእጃቸው ይዘው፣ ጠረጴዛ ሳይፈልጉ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ስም የሚጠራው በፊደል ተራ ነው። አንዱዓለም ዘጠነኛ፣ ወንጌላዊት አሥራ አራተኛና የመጨረሻ ናቸው። ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የፊተኞቹን ያያሉ። አንዱ ዘንጉ ከእጁ አመለጠው፤ ሌላው ከስልክ የተማረውን የውጭ አገር ምት እንዳለ አመጣና ሻምበል «ይሄን አውቀዋለሁ፤ ያንተን አምጣ» ብለው መለሱት። አንዱዓለም እነዚህን ሁሉ እያየ መሳቁን ተወ። ስምንተኛው ሲጠራ ወደሷ ዞረ።

«ወንጌል» አለ፣ «እየተራመድኩ ሞክሬው አላውቅም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ተቀምጠን ነው ያጠናነው። ግቢ ልውጣ ብላቸው ሰው ይሰማዋል፣ ተቀመጥ አሉኝ። ይሄዳል አይዶል?»

በዚህ ጊዜ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። ወንጌላዊት መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ «ትንፋሿን አውጣት» የሚል ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል ከሁለት ሰው ሕይወት ጋር ምን ያህል እንደሚመዘን ስታስብ አባቷ ትዝ አሏት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ሰሚው ይናፍቅ» ሲሉ። ሰው ይሰማዋል ያሉት ሌላ ማንን ነው? እሷን ነው። ከእሷ ሊደብቁት ብለው ልጁን ተቀምጦ ጉልበቱን እንዲመታ አስቀርተውታል።

«የአባባ ምት ነው» አለች። «ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

አንዱዓለም ትልቅ እፎይታ ተነፈሰ። ስሙ ሲጠራ ተነስቶ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተና ሄደ።

ቆሞ ሲመታው እውነትም ሸጋ ነበር። ከሷ እጅ ይልቅ የሱ ከባድ ነው፤ ምቱ ሙሉ ሆነ። አጥሩ ጥግ ወሬ የያዙት መለከት ነፊዎች ዞረው አዩ። ትንፋሹ ጋ ሲደርስ ሻምበል ወንዴ ልክ እንደ አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንጌላዊት የራሷን ልጅ በሰው እቅፍ እንዳየች እናት ሆነች፤ ኩራቱም ቅናቱም አንድ ላይ መጣባት። ከዚያ ፊሽካው ተነፋና አንዱዓለም መራመድ ጀመረ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አሥር እርምጃ ያህል ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ትንፋሹ መጣ። ካለፈ በኋላ ትልቁ ምት በቀኝ እግሩ ወደቀ፤ ተሰማው፤ እግሩን ለመቀየር እንጣጥ አለ፤ እንጣጥ ሲል እጁ ተሳሳተ፤ እጁን ሲያርም እግሩ ጠፋበት። ሜዳው መሃል ላይ፣ ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይሞላ፣ ቆመ። አንድ ሰው ሳቀ።

«ደግመህ ጀምር» አሉ ሻምበል፤ የሚያዝኑ ሰው ናቸው። ደግሞ ጀመረ፤ እዚያችው ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ።

«ከየት ያመጣኸው ምት ነው?»

«አጎቴ ናቸው ያስተማሩኝ፤ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ።»

«ሸጋ ምት ነው። አልተራመድክበትም እንጂ።» ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አደረጉ። አንዱዓለም ታምቡሩን መልሶ አግዳሚው ላይ መጣና መሬት መሬቱን እያየ ተቀመጠ። «አበላሸሁት» አለ። «አያ መሪጌታን አሳፈርኳቸው።» የሚያሳዝነው ነገር በራሱ እንጂ በማንም አላመካኘም። ወንጌላዊት ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ነገር እንዳሰበችው ደስ አላላትም፤ ደስታውና ጸጸቱ ተራ በተራ ይመጡባት ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ሌላ ምት ለመምታት ሞከረች በሐሳቧ። አልመጣላትም። ደግሞስ ለምን? የራሷ ነው። ከመቋሚያው የጠረበቻቸውን ዘንጎች አወጣችና ቆማ መታችው። ሻምበል ከጥቂት ምት በኋላ ቀና አሉ። ፊሽካውን ነፉ። አርባ እርምጃ ሄደች፤ ቁልቁለቱ፣ ውኃ መውረጃው፣ ደንጊያው፤ አርባ እርምጃ ተመለሰች። አንዲት እርምጃ አልተዛነፈችም። መለከት ነፊዎቹ ሳያስቡት በእግራቸው መሬቱን መምታት ጀምረው ነበር።

«ይሄ ቅድም የሰማነው አይደለም?» አሉ ሻምበል።

«ነው።»

«የማን ነው?»

«የኔ ነው። እሱ ከአባቴ ወሰደው፤ አባቴ ከኔ።»

በሜዳው ያለ ሰው ሁሉ የሰማ መሰላት። ሻምበል ወንዴ ወረቀታቸውን አጥፈው ተጠጓት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሥራቸው ነውና ጠየቁ። «ያንቺ ከሆነ፣ እዚያ መሃል ላይ የነበረችውን ትንፋሽ ምነው አወጣሻት? ጆሮ የምትይዝ ነበረች።»

«እሷ ለቆመ ሰው ናት። ሲራመዱባት እርምጃ ትበላለች።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ረቡዕ። የዛሬ ሦስት ቀን።»

ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው» አሉና ዝርዝሩ ላይ ስሟን እዚያው ሰው ፊት በእስክሪብቶ ከበቡት። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ወንጌላዊት ዞር ስትል አንዱዓለም ከኋላዋ ቆሟል፤ ሊያደንቃት ይሁን ሊያጨበጭብላት መጥቶ ነበር። ሰምቷል። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ጧት እሷ በአልጋዋ ላይ ሳለች ፊቷ ላይ የነበረው ነው የነበረበት፤ መስተዋት ባይኖርም አወቀችው።

«ሦስት ቀን» አለ። «እኔ ደግሞ አሁን፣ እዚሁ ተቀምጠን ጠየቅሁሽ።»

«ምቴን ሰረቃችሁኝ።»

«እኔ ነኝ የሰረቅሁሽ?»

አንዱዓለም መልሷን አልጠበቀም፤ ባጃጅም አልጠበቀም፤ ሽቅቡን በእግሩ ሄደ።

እሷ ፎርም ስትሞላ፣ የደንብ ልብስ ስትለካ ዋለችና ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ቤት ደረሰች። በጎንደር ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ሰፈርተኛው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «የመሪጌታ ልጅ አለፈች፤ የአባቷ ልጅ እኮ ናት፤ ዘር ከልጓም ይስባል» እያለ ተቀበላት። እናቷ አቅፋ ስትስማት እንባዋ አንገቷ ላይ ፈሰሰ፤ ወንጌላዊት ግን እጆቿን አላነሳችም። አባቷ ግቢው ውስጥ፣ ተማሪ በሚያርሙበት መደብ ላይ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወደ እሳቸው ሄዳ ቆመች።

«አለፍሽ አሉ» አሉ፣ ወደ አጥሩ እያዩ።

«አዎ።»

«ልጁ ትንፋሿ ላይ ተደናቀፍኩ ይላል። ሌላ ምንም አልነገረኝም።» ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አዩ። «ታውቂ ከነበረ ምነው ሳትነግሪው ቀረሽ? ወንድምሽ አይዶል?»

መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ የመጣችው ብዙ ነበር። የአያት ውርስ የተባለው፣ የማክሰኝቱ ሰውዬ፣ ያ ማክሰኞ፣ ሁሉም ነበር። ከአፏ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነው።

«እርስዎስ ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። ወንጌላዊት ጠበቀች። «በደልኩሽ» ቢሏት እግራቸው ላይ ለመውደቅ ዝግጁ ነበረች፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» ቢሏት እንኳ ይበቃት ነበር።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለወንድሜ ምን ብዬ ልደውል?»

ወንጌላዊት ወደ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ በጠባቧ መስኮት የገባው ብርሃን ጎማው ላይ ደርሷል። ከግድግዳው ማዶ አንዱዓለም ልብሱን ሲያጣጥፍ ይሰማታል። የዛሪማው መንገድ ክፍት ነው ከተባለ ነገ በማለዳ መኪና ይይዛል። ግድግዳውን አንኳኩታ ልታናግረው አሰበች። ከዚያ የልብሱ ኮሽታ ቆመና እርምጃ ተሰማ። እሱ ያለባት ክፍል ሦስት እርምጃ ነው የምትይዘው፤ ሦስት ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ሦስት ይመለሳል፤ በጣቶቹም አንድ ነገር ላይ፣ ሻንጣው ላይ ሳይሆን አይቀርም፣ ምቱን በቀስታ ይመታል። ትንፋሿ ጋ ሲቃረብ ወንጌላዊት እስትንፋሷን ያዘች። አልቆመም፤ ዘለላት። ትልቁ ምት በግራው ወደቀ፤ ደግሞ በግራው ወደቀ። እየዞረ፣ እየተመለሰ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻው አደረሰው። ከሷ እጅ ይልቅ የሱ ከባድ ነው፤ ሜዳው ላይም ይህንኑ አስባ ነበር።

ሁለት ቃል ብቻ ነበር የጎደለው፤ እሷም ሁለቱን ቃል አፏ ውስጥ ይዛ ነው የዋለችው። ከግድግዳው ማዶ የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ።